የሰይድ ታሽከንት ደብተር

አባዬ፣

ለሩቅ ሰው ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል። አንተን ጤና ልጠይቅህ ብል ራስህ ትስቅብኛለህና እሱን ዘልዬዋለሁ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደግሞ በዓይኔ ካየሁህ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በለውጡ ዓመት፣ አገሩ ሁሉ በደስታ ሲጨፍር፣ ሻንጣዬን ይዘህ ሐይቅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኸኝ፤ ስመለስ የተቀበለኝ መቃብርህ ነው። ይህን ለመጻፍ የዘገየሁት ረስቼህ እንዳይመስልህ። የምነግርህ ነገር እስኪያልቅለት እየጠበቅሁ ነበር። ባለፈው ሳምንት አለቀለት፤ ይኸው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በጦርነቱ ጊዜ የተበሳሳው የጣሪያ ቆርቆሮ ተቀይሯል። የውጭውን በር አረንጓዴ ቀባሁት፤ እማዬ “አባትሽ የሚወደው ሰማያዊ ነው” ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝና በአራተኛው ቀን ራሷ ለጎረቤት “አማረ አይደል?” እያለች ታሳይ ጀመር። ጉልበቷን ይይዛታል፤ ምላሷን ግን እንደምታውቀው የያዘው ነገር የለም። ባጃጁ በዝቶ አስፋልቱን መሻገር ጭንቅ ሆኗል። ጓሮ የተከልካት ዘይቱን ዘንድሮ አፍርታ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥራችን ላይ ሲውል ከረመ።

ከሁሉ የሚያስደስትህ ግን መስኖ ስትሠራበት የኖርክበት የአርዲቦው ወሬ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ገበሬ ወረዳ ግብርና ቢሮ መጥቶ “አሪቁ ተደፍኖብን ውሃው ማሳችን አልደርስ አለ” ብሎ አመለከተ። አዲሱ የመስኖ ባለሙያ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አሪቅ የሚባል ነገር በተማረበት መጽሐፍ ሁሉ ቢያገላብጥ ሊያገኝ አልቻለም። ገበሬውን መልሶ ቢጠይቀው “አሪቅ ነዋ! ቦዩ! የመንግሥት አማርኛ አይደል እንዴ?” አለው። ባለሙያው ያንተን ስም ሰምቶ እኛ ቤት ድረስ ሲመጣ ከሳቄ የተነሳ መልስ መስጠት አቃተኝ። አሪቅ የኡዝቤኮች ቃል መሆኑን ለገበሬዎቹ አንድም ቀን አልነገርካቸውም ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ቦዩን አሪቅ እያልክ ስታስቆፍር ኖርክ፣ እነሱም ካንተ ተቀበሉ፣ አሁን ልጆቻቸው “አሪቅ ስንጠርግ ዋልን” ይላሉ። ከታሽከንት የተነሳ ቃል ወረዳችን ተሁለደሬ ላይ ሽንኩርት ያጠጣል። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁብህ ብነግርህ ደስ ይለኛል።

ቃሉን እንዴት እንዳመጣኸው አንተው ነህ የነገርከኝ፤ መልሼ ላንተው መንገሬ ነው። ግን በልጅነቴ እንደገባኝ ልጻፈው፣ የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በለኝ።

በደርግ ዘመን መስኖ እንድትማር ያኔ በሶቭየት ሥር ወደነበረው የኡዝቤኮች አገር፣ ታሽከንት ላኩህ። ትምህርቱ በሩሲያኛ ነበር፤ አብረውህ ከሄዱት ውስጥ ሩሲያኛውን ከያዘ በኋላ ያገሬውን ቋንቋ ልማር ያለ አልነበረም። አንተም ያው ነበርክ፤ መኸር ደርሶ ተማሪው ሁሉ ጥጥ ለቀማ ገጠር እስኪወርድ ድረስ። በወረዳችሁበት መንደር ሩሲያኛ የሚሰማ ሽማግሌ አልነበረም። ኦይሻ የሚሏቸው አሮጊት፣ የኛ አይሻ ማለት ነው፣ የሐብሐብ ጆንያ ሲጎትቱ አይተህ ተቀበልካቸውና ቤታቸው አደረስክላቸው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ “ራህማት” አሉህ።

እንግዲህ አምባሰል የተወለደ እስላም ይህን ቃል እንዴት አድርጎ ይስማው? “አላህ ይርሀማት”፣ ለሞተች ሴት የሚባለውን፣ ያሉህ መሰለህ። እናትህ አምባሰል ናት፤ ደብዳቤ ከመጣልህ አራት ወር አልፏል። መርዶው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ በኒያ አሮጊት አፍ የደረሰህ መስሎህ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለህ አለቀስክ።

የሚገርመው የነሱ ነገር ነው። ጎልማሳ ሲያለቅስ ያየ መንደር ማን ሞተብህ ብሎ አልመረመረም። ሽማግሌዎቹ መጥተው ዙሪያህን ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሴቶቹ ሾርባና ዳቦ አመጡልህ። ያኔ በዚያ አገር ሰው በተሰበሰበበት ዱዓ ማድረግ ያስፈራ ነበር። ለማያውቋት ለአያቴ ሲሉ ግን አደረጉት። በሦስተኛው ቀን ከከተማ የመጣ አስተማሪ በሩሲያኛ ሲያነጋግርህ ነው “ራህማት” ማለት “አመሰግናለሁ” መሆኑን የሰማኸው። ኦይሻ ኦና፣ እናት ኦይሻ እንደማለት፣ ጉዳዩ ሲነገራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም “ቦላም” አሉህ፤ ልጄ ማለት ነው። አያቴም ያ ሁሉ ዱዓ ደርሶላት ሃያ ዓመት ኖረች። ታሪኩ በተነሳ ቁጥር “በቁሜ ያስለቀሰልኝ ልጄ” እያለች ትመጻደቅብህ ነበር።

በየእረፍቱ ወደዚያች መንደር ትመለስ ጀመር። ቋንቋው የተከፈተልህ ግን “ዴብ” በምትባል አንዲት ቃል ነው ትል ነበር። “ኦታም ኬላዲ ዴብ ኩትዲም።” በጣቶችህ እየቆጠርክ ታሳየኝ ነበር። ኦታም፣ አባቴ። ኬላዲ፣ ይመጣል። ዴብ፣ ብዬ። ኩትዲም፣ ጠበቅሁ። አባቴ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድም ቃል ከቦታው አልተነሳም። ከሌላ አገር የመጡ ጓደኞችህ ግሡ መጨረሻ ላይ ሲመጣባቸው ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ አንተ ግን “እኔ ግሥ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የተማርኩት ከእናቴ ነው” ብለህ ትጎርርባቸው እንደነበር አትክድም። የኛ ሰው “ብሎ” ሳይል ሐሳቡን አይጨርስም፤ እነሱም ያለ “ዴብ” አይጨርሱም። “አንዲሻ” የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስማ ደረትህ ይነፋ ነበር። ሩሲያኛ እሷን ለማስረዳት ብዙ መዞር አለበት፤ እኛ ግን “ይሉኝታ” ብለን እንገላገላታለን።

ኡዝቤክኛ ብቻውን እንዳልሆነም ነገርከኝ። ካዛክኛ፣ ኪርጊዝኛ፣ ቱርክመንኛ፣ ኡይጉርኛ፣ ሁሉም ከአንድ የቱርኪ ግንድ የወጡ ናቸው፤ አንዱን የያዘ ሰው ሌላውን እየዳበሰ ይደርስበታል። “የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ጥርሱ ፍንጭት ሆኖ ነው” ትለኝ ነበር። ኡዝቤኩ “የ” ያለውን ካዛኩ “ዠ” ይለዋል። መንገድ ለኡዝቤኩ “ዮል” ነው፣ ለካዛኩ “ዦል”። የለም ለኡዝቤኩ “ዮቅ” ነው፣ ለካዛኩ “ዦቅ”። እኔ በስምንት ዓመቴ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ምን እንደሚሠራልኝ ግን አላውቅም።

ሰፈሩም አያውቅም። አንተን “ሰይድ ታሽከንት” አሉህ፣ እኔን “የታሽከንት ልጅ”። እንግሊዝኛ የሚያስተምር አባት ያላቸው ይኩራሩብኝ ነበር። እማዬም “ይኼ የማይበላ ቋንቋ” እያለች ታሾፍብህ ነበር። የእጅ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ እኔም ትልቅ ስሆን አፈርኩበት። አንተ ግን በሰው ወሬ የምትፈታ አልነበርክም። ከቢሮ ስትመለስ ያን ቡናማ ደብተር ታወጣለህ፣ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ጮክ ብለህ ትላለህ፣ ከዚያ በፊደላችን ትጽፈዋለህ፣ ጎኑ አማርኛውን ታስቀምጣለህ። ከሀ እስከ ፐ።

ፊደሉ የማይበቃባቸው ድምፆች ሲያስቸግሩህ በእግርህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ድረስ ሄደህ ከመሪጌታው ጋር ተማከርክ። እሳቸውም “ፊደል ሆደ ሰፊ ነው፤ ነጥብ አድርግበትና ያንተ ይሁን” አሉህ። ከዚያ በኋላ ከጉሮሮ ለሚወጣው “ገ” ከላዩ ነጥብ ታደርግ ነበር፤ “ነጥብ አለበት!” እያልክ እየጮህክ። ለአንድ ቃል ሳምንት ስትጨነቅ ያየ ሰው ምን ነካህ ቢልህ፣ “እኔ የውጫሌ ሰው ነኝ፤ እኛ አገር አንድ ቃል ተሳስቶ በመተርጎሙ ምን እንደመጣ ታውቃለህ” ትለው ነበር።

ይኼ ሁሉ የገባኝ በሰው ቤት ሥራ ዱባይ ሄጄ ነው። ማዳሜ ካዛክ ነበረች፣ ባሏ ዐረብ። ከሄድኩ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እናቷን ከአገሯ ገጠር አመጣቻቸው። ልጆቹ አያታቸውን አዤ ይሏቸዋል፤ ቋንቋቸውን ግን አያውቁም፤ ቤቱ የሚናገረው ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነው። አሮጊቷ ማዳም ሥራ ስትሄድ ቀኑን ሙሉ በዝምታ መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ደረታቸውን ይዘው “ዡሬግም! ዡሬግም!” አሉ። ልጆቹ የሚያጫውቷቸው መስሏቸው ሳቁ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ዡሬግም... “ዠ”ን ወደ “የ” መልሼ ዩራጊም አልኩ። ልቤ! ሴትዮዋ ልቤን እያሉ ነው!

እጄን ሳልጠርግ ሮጬ ያዝኳቸው። ለማዳም ደወልኩ፣ ለአምቡላንስ ደወልኩ። ሐኪሞቹ ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባዬ፣ አንተ በጣቶችህ ቆጥረህ የሰጠኸኝ አንድ ፊደል ሰው አተረፈ። ማዳም እንዴት አወቅሽ ብትለኝ “አባቴ ኡዝቤክኛ ያውቃል” አልኳት። ኢትዮጵያ ውስጥ? አለች። አዎ፣ ሐይቅ የሚባል አገር አልኳት፤ ያኔ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

አዤ ድነው ሲመለሱ ለአባቴ ካልደወልኩላቸው አሉ። ደወልኩ። እማዬ እንደነገረችኝ፣ ስልኩ ድምፅ ብቻ መሆኑን እያወቅህ ኮትህን ለብሰህ ነበር የጠበቅኸው። እሳቸው በካዛክኛ፣ አንተ በኡዝቤክኛ፣ “የ”ን ወደ “ዠ” እየለወጥክ፣ እሳቸው እያረሙህ፣ እየተሳሳቃችሁ፣ ከዚያም ሁለታችሁም እያለቀሳችሁ። ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር አሉ። የማይበላው ቋንቋ ሲናገር ሰፈሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። አዤ ደብተሩን ጨርሰህ እንድትልክላቸው ለመኑህ፤ በፊደል የተጻፈውን ማን ሊያነብላቸው እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁ፣ አንተም አላሰብክ። “እጨርሰዋለሁ፣ በልጄ በዘሀራ እጅ ይደርስዎታል” ብለህ ቃል ገባህ። ለእኔ ደግሞ “እንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ” አልከኝ፤ ተቆጣሁህ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከጁምዓ መልስ በስልኬ የድምፅ መልእክት ትልክልኝ ነበር። አሥር አሥር ቃል፣ ከነ ትርጉሙ፣ አዤን እንዳጫውትበት። አንዱንም አላጠፋሁትም።

ጦርነቱ ሐይቅ የገባ ጥቅምት ኔትወርክ ጠፋ። በየቀኑ እደውላለሁ፤ ማሽኗ “ሊገኙ አልቻሉም” ትለኛለች። ሥራ ላይ ቆሜ ሳለሁ ዕቃ ከእጄ ይወድቅ ነበር። አዤ አዩኝ። ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ይዘው አንድ ነገር አሉኝ፤ “አኬም ኬሌዲ ዴፕ ኩቲም።” እንዴት አልሰማው? አባቴ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሩሲያና ጀርመን ሲዋጉ ዘምተው አልተመለሱም። አንተ ምሳሌ አድርገህ ያስተማርከኝን ዓረፍተ ነገር እሳቸው ኖረውታል። ከዚያም እጄን ሳይለቁ አብረውኝ ተቀመጡ፤ ያ የታሽከንት ገጠር መንደር ካንተ ጋር እንደተቀመጠው።

ኔትወርኩ ሲመለስ የመጀመሪያው ስልክ ያንተ መርዶ ነበር። የደም ግፊት መድኃኒትህ አልቆ፣ ፋርማሲው ሁሉ ተዘግቶ፣ በኅዳር አጋማሽ አረፍክ። የቀበሩህ እስላሙም ክርስቲያኑም ተረዳድተው፣ ተኩስ ጋብ ባለበት ሰዓት ነው። መሪጌታው ያን መንገድ በዚያ ጊዜ በእግራቸው መጥተው አፈር አልብሰውሃል። በዚህም እኮራለሁ።

ዓመት ቆይቼ ኮንትራቴን ስጨርስ ተመለስኩ። ከዱዓውና ከለቅሶው በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ደብተሩ የት አለ የሚል ነበር። እማዬ ሥራ አለብኝ ብላ ጓዳ ገባች። በሁለተኛው ሳምንት ምስር እየለቀመች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ነገረችኝ። ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ ነበር። ሦስት ቤት አልፎ ያለው ጎረቤት ኪሱ ውስጥ በተገኘ ወረቀት ምክንያት ተወሰደ። እሷ ደግሞ ትልቅ ደብተር ይዛለች፤ በፊደል የተጻፈ፣ አማርኛ ያልሆነ፣ ትግርኛ ያልሆነ፣ ነጥብ ነጥብ ያለበት። የቱም ወገን ቢያገኘው የስለላ ምስጢር ነው ከማለት ሌላ ምን ይላል? አንተ ታመህ ተኝተሃል። ወደ ምድጃው ወሰደችውና ገጽ በገጽ አቃጠለችው።

ሽታውን አውቀኸው ጠርተህ ጠየቅካት፤ ነገረችህ። “አበጀሽ” አልካት። ከዚያ ጭንቅላትህን በጣትህ እየነካህ “ደብተሩ ዮቅ፣ ሰይድ ቦር” አልክ፤ ደብተሩ የለም፣ ሰይድ አለ ማለትህ ነው። ድነህ እንደገና ልትጽፈው ነበር። ይህን ስትነግረኝ እማዬ “አሁንማ ሰይድም ዮቅ” ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እኔ ግን አላዘንኩላትም፤ እውነቱን ልንገርህ። የሰው ዕድሜ ሙሉ ሥራ በአንድ ቀን እንዴት ይቃጠላል ብዬ ተቆጣሁ፣ ቀን ሙሉ ሳላነጋግራት የዋልኩበት ጊዜ አለ። አንተ ይቅር ያልካትን እኔ ይቅር አልል አልኩ። ለአዤ የገባኸው ቃል ነበር የሚያንገበግበኝ። አንተ የኖርክለት ነገር አመድ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ የስልኬን መልእክቶች እያዳመጥኩ መጻፍ ጀመርኩ። ድምፅህን በሰማሁ ቁጥር ማቆም እየከበደኝ ጻፍኩ። በስልኩ ያሉት ቃላት ግን ከደብተሩ ሩቡን እንኳ አይሆኑም።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል ጠፋኝ። በበጋ ሐይቁ ላይ ዝቅ ዝቅ እያለች የምትበር፣ ጭራዋ መቀስ የመሰለች ወፍ አለች አይደል? “ይቺ የታሽከንት ሰፈሬ ልጅ ናት፣ ብርዱን ሸሽታ ነው” እያልክ የምታሳየኝ። ስሟ ረጅም ነበር፣ በ“ቀ” የሚጀምር። “ቃል... ቃልዲ...” እያልኩ ስንተባተብ፣ እማዬ ከኋላዬ ወንፊቷን ሳታቆም፣

“ቃልዲርጎች” አለች። “ጎ ላይ ነጥብ አለበት።”

ዘወር ብዬ አየኋት። ፊደል ያልቆጠረች እናቴ! “እንዴት አወቅሽው?” ብላት ተቆጣች። “ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት ስኖር ጆሮዬን ጎረቤት ላስቀምጠው ኖሯል?” አለችኝ። አንተ ሦስት ጊዜ እየጮህክ ስትጽፍ፣ እሷ ጓዳ ሆና እያሾፈችብህ፣ አንዱም አላመለጣትም ለካ! ሞከርኳት። ድንጋይ አልኳት፣ ቶሽ አለች። ወተት አልኳት፣ ሱት አለች። ጨው፣ ጨረቃ፣ ምራት፣ ጉልበት አልኳት። ጉልበት ላይ “ቲዛ፤ ይኼው የሚያመኝ” ብላ መታችው። እኔ እስክሪብቶዬን ትቼ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ይቅርታም ጠየቅኳት፤ “ተነሽ፣ ጻፊ፣ ሳይጠፋኝ” አለችኝ።

ዓመት ፈጀብን። ጠዋት ጠዋት እሷ እህል እየለቀመች ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንተ ያልካቸውን ብቻ አይደለም፤ አንተ ስትሳሳት ራስህን ያረምክበትንም ታስታውሳለች። አንዳንዱን በድምፅህ መልእክት አመሳከርኩት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስታ አላገኘኋትም። ደብተሩን ያቃጠለችው እሷ ናት፤ አባዬ፣ ያዳነችውም እሷው ናት። አንተን አግብታ ስትኖር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያዘነላት ሴት፣ ዛሬ ከአምባሰል እስከ ደሴ ኡዝቤክኛ በቃሏ የምትወጣ ብቸኛዋ ሴት ናት። ባለሙያው ስለ አሪቅ ሊጠይቅ የመጣ ቀን እኔ ስስቅ መልሱን የሰጠችው እሷ ነበረች።

የከበደን “ጀ” ላይ ስንደርስ ነው። ጥቂት ቃላት ነግራኝ “በቃ፣ ሌላ የለም” አለች። አንድ እንደቀረ ግን አውቃለሁ። ከውጭ ስትገባ፣ ገና ከበሩ ጀምረህ፣ እማዬን የምትጠራበት ቃል። እኛ ልጆችህ፣ ጎረቤቱም ጭምር፣ ስሟ ጀሚላ ስለሆነ ያቆላመጥካት ይመስለን ነበር። ዱባይ ሳለሁ ግን አዤ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ሲያቅፉ ያንኑ ቃል ሊሆን ትንሽ የቀረው ነገር ሲሏት ሰማሁ፤ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ። ትርጉሙን ላንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ባል ሚስቱን በሰው ፊት በስሟ ለመጥራት እንኳ ይሉኝታ በሚይዘው ሰፈር፣ አንተ ከመስጂድ የሚመለሱ ሽማግሌዎች እየሰሙ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነፍሴ እያልክ ጠራሃት፤ አንድም ሰው ሳይነቃብህ።

“እሱን ልጽፈው ነው” አልኳት። ፊቷ ቀላ፤ ያን ዕድሜዋን ይዛ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፋች። ትርጉሙን ታውቀው ነበር። መቼም ታውቀው ነበር። “እሱ አይጻፍም” አለችኝ። “ሌላው ሁሉ የሐይቅም የካዛክም ይሁን። እሱ የኔ ነው።”

ባለፈው ሳምንት ደብተሩ ተጠናቀቀ። አንዱን ቅጂ ለአዤ ልኬዋለሁ፣ አንዱን አንተ በልጅነትህ ለተማርክበት ትምህርት ቤት ውጫሌ ወስጄ ሰጥቻለሁ፣ ዋናው እዚህ ቤት ነው። ሽፋኑ ላይ “የሰይድ ታሽከንት ደብተር” ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ያሾፉበት ስም እዚያ ላይ እንዴት እንደሚያምር ብታየው። ቃሎችህን ሁሉ ለልጆቼም ለልጆቻቸውም አስተምራለሁ። “ጀ” ላይ ግን አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። አንድ ቀን አንባቢ መጥቶ እዚህ ጋ ቃል ረስታችኋል ቢለኝ፣ አልረሳንም እለዋለሁ።

ልጅህ ዘሀራ
ሐይቅ